ባለ ሽበቱ ልጅ

ቾንጎ ና ባቻ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት በጀመረበት ዓመት፣ በካንፋንዳ መንደር ዘንድ ገና ልጅ ነበር። ልጅ ማለቴ በቁልምጫ አይደለም። እኛ ባላንታ የምንባል ሕዝቦች ዘንድ ወንድ የሚኮነው በዕድሜ ሳይሆን ጫካ ተገብቶ፣ ተገርዞ፣ ቀይ ቆብ ተደፍቶ ሲወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ትከሻው በር ቢያክል፣ ድምፁ ወንዝ ማዶ ቢሰማ ብሉፎ ነው። ብሉፎ ያርሳል፣ ይጨፍራል፣ ይታገላል፣ ከሩቅ መንደር ከብት ይሰርቃል። ሚስት ማግባት፣ የራሴ የሚለው ማሳ መያዝ፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት አፉን መክፈት ግን አይፈቀድለትም።

ስለ ስርቆቱ ፊታችሁን አታጨማዱ። ከብት ሰርቆ የማያውቅ ጎረምሳ በእኛ ልጃገረዶች ዘንድ መላወሻ የለውም። ሕጉም አጭር ነው። ከሩቅ ስረቅ፣ ከዘመድ አትስረቅ፣ ያመጣኸውን ለብቻህ አትብላ። ቾንጎ በዚህ ሙያ የሚስተካከለው አልነበረም። ምላሱን በቀስታ ቀጨም ቀጨም ካደረገ ላሟ ገመድ ሳይገባላት ትከተለዋለች ይባልለት ነበር፤ እሱም ይህን ወሬ ለማስተባበል ቸኩሎ አያውቅም።

ጉድ ያደረገውም ይኸው ሙያው ነው። የእናቱ ወንድም አባባ ንዳፋ የመንደሩ ትልቅ ሰውና የጫካው ጠባቂ ናቸው፤ ማን ገብቶ ወንድ እንደሚሆን የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ቾንጎ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ የጫካው ዓመት ሲቃረብ፣ ለአጎቴ የሚገባ ስጦታ ላምጣ ብሎ ወንዝ ተሻገረና የምታብረቀርቅ ጥቁር ላም ነድቶ መጣ። ታረደች። ፍሪምባው ለአጎት ቀረበ። አባባ ንዳፋ በሉ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ «እንዲህ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም፤ ባለቤቷ ምን ያህል ቢንከባከባት ነው!» ብለው የእህታቸውን ልጅ መረቁት። በማግስቱ ቆዳዋ ተወጥሮ ሲያዩት ጆሮዋ ላይ ያለው የባለቤት ምልክት ቁርጥ የራሳቸው ሆኖ አረፈው። ወንዝ ማዶ ላለ ወዳጃቸው ለርቢ የሰጧት ላም ነበረች።

መንደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባባ ንዳፋ ግን አልሳቁም። «የአጎቱን ላም ለይቶ የማያውቅ ጫካ ገብቶ ምን ሊያውቅ ነው?» ብለው ከዚያ ዓመት ገቢዎች መሀል አስወጡት። ጫካው በየዓመቱ የሚከፈት ነገር አይደለም፤ ቀጣዩ እስኪደርስ ሕፃን ተወልዶ ከብት ጠባቂ ይሆናል። ሊደርስ ሲል ደግሞ አገሩን የሚገዙት ፖርቱጋሎች መሰብሰብ ከለከሉ፤ ግብር አልከፈለም ያሉትን ሁሉ ከብቱን እየነዱ ባሪና ወዳለው የጦር ሰፈራቸው ወሰዱበት። የቾንጎ እኩዮች ቀይ ቆባቸውን ደፍተው፣ ተድረው፣ ወልደው ሲከብሩ እሱ ከታናናሾቻቸው ጋር መጨፈሩን ቀጠለ።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የኪንታ ነገር ነበር። ኪንታ የጎረቤት መንደር ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ምላሷ እንደ ካና አረቄ የሚያቃጥል። የመጣላትን ጠያቂ ሁሉ፣ አንዱን ሲስቅ አያምርም፣ አንዱን ደግሞ ጭራሽ አይስቅም እያለች ትመልሳለች። አባቷ ግን «ልጄን ለልጅ አልሰጥም» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

«ትንሽ ታገሺኝ፣ ጫካው ይከፈታል» ይላታል ቾንጎ።

«እኔማ እታገሣለሁ። የፈራሁት ቆቡ ሲመጣልህ የሚደፋበት ፀጉር እንዳያልቅብህ ነው» ትለዋለች።

ይስቃል። ስትሄድ ግን አይስቅም። ማታ ማታ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ትልቁን ዛፍ ከሩቅ እያየ፣ ከሥሩ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ያስባል። አንዳንዴ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ጢም ካወጣ ሰው ዓይን እንባ ሲፈስ ማየት ደግሞ አይመችም።

ኮማንደር ዱዋርቴ ና ብሳ የመጣው የሩዝ ማሳ በሚገለበጥበት ሰሞን ነው። ደቡቡን ነፃ እንዲያወጣ ፖርቱጋሎችን የሚዋጋው ንቅናቄ የላከው መሪ ነው ተብሎ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሲመጣ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ተዋጊዎች፣ ከተዋጊዎቹም ያነሱ ጠመንጃዎች ይዟል። ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ተቀበሉት።

«ና ብሳ ነው ያልከው ስምህን?» አሉ አባባ ንዳፋ ፊታቸው በርቶ። «የእኛው ሰው ነሃ! ለመሆኑ የየትኛው ጫካ ነህ? ከእነማን ጋር ገባህ?»

«ጫካ አልገባሁም አባባ። ያደግሁት ቢሳው ከተማ ነው። ከዚያ ሊዝበን ሄጄ ተማርኩ።»

«ሊዝበን ጫካ አለ?»

«እንደዚህ ያለ ጫካ የለም።»

«እንግዲያው ልጅ ነህ» አሉ አባባ ንዳፋ፣ ያለ ምንም ክፋት። «ሂድ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥ።»

ኮማንደሩ የሚቀልዱ መስሎት ፈገግ አለ። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አላሉም። ዘወር ሲል ብሉፎዎቹ ዳር ላይ ኩምትር ብለው ተቀምጠው አየ፤ ከመካከላቸው ትከሻው በር የሚያክል አንድ ባለ ሽበት ሰው እየተጠጋለት ነው።

«ና ታናሽ ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ደረቅ ቦታ አለ» አለው ቾንጎ።

«አስቸኳይ ጉዳይ ይዤ እኮ ነው የመጣሁት!»

«ጉዳይህን ለአንድ ወንድ ትነግረዋለህ፤ እሱ ለወንዶቹ ይነግርልሃል። እኔ እናትህን አልሰደብኩም፣ ምን ታፈጥብኛለህ? ተቀመጥ።»

አባባ ንዳፋ አፍ ሊሆኑለት ፈቀዱ። ኮማንደሩ ከተቀመጠበት ሆኖ ስለ ፖርቱጋል አገዛዝ፣ ስለ ግዳጅ ሥራው፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ነፃነት ረጅም ንግግር አደረገ። ንግግሩ ያምራል። ቾንጎ እንኳ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። አባባ ንዳፋ እስኪጨርስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«ልጁ እንደምን ዋላችሁ ይላል። ከብቶቻችሁ ደኅና ናቸው ወይ ይላል።»

«እንዲህ አላልኩም!» አለ ኮማንደሩ።

«ማለት ነበረብሃ» አሉት ዘወር ብለው። «ሰው መንደር ገብቶ በፖርቱጋል ይጀምራል?»

ኮማንደሩ መነጽሩን አስተካከለ። ብልህ ሰው ነው፤ የገባበት ቤት ወግ ቶሎ ገባው። ቀስ ብሎ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ስለ ሩዙ ጠየቀ፣ ከዚያ አጠር አድርጎ «ከብቶቻችሁ ያሉት ባሪና ነው። ወጣቶችና የሚበላ ሩዝ ስጡኝ፤ ባሪናን እንመታለን» አለ። ይህን አባባ ንዳፋ አንድ ቃል ሳይጨምሩ፣ አንድ ቃል ሳይቀንሱ አደረሱለት።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሹከው ተስማሙ። ልጆቹን ውሰድ አሉት። በዚህ ጦርነት የረባ ሥራ ሠርቶ የተመለሰ ብሉፎ ደግሞ በመጪው በጋ ጫካው ይከፈትለታል፤ ፖርቱጋል ከለከለ አልከለከለ። ቾንጎ ይህን ሰማ። ስብሰባው ሲበተን እየሮጠ አጎቱ ላይ ደረሰባቸው።

«አባባ፣ እኔስ?»

አባባ ንዳፋ ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተ ላም አትንካ እንጂ እናያለን» ብለው ሄዱ።

ኮማንደር ዱዋርቴ ብሉፎዎቹን ተኩስ አስተማራቸው። ማስተማሩ ባልከፋ፤ ችግሩ ጥይት አለመኖሩ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጊያ ዓላማ ጥይት ማምጣት ሆነ። ኮማንደሩ ጭቃ ላይ በእንጨት ሥዕል ሣለ። ይኸው ባሪና፣ ይኸው የሽቦ አጥሩ፣ ይኸው የከብቱ በረት፣ ከበረቱ ጀርባ የጥይት መጋዘን። ወታደሮቹ ምሳ በልተው ዶፉ ሲወርድ ይተኛሉ፤ ዘበኛው ከጣሪያው ሥር ይጠለላል። ቾንጎና ጥቂት ብሉፎዎች በዚያ ሰዓት ሾልከው ገብተው ሳጥኖቹን ያወጣሉ። ኮማንደሩ ራሱ ጠመንጃ ካላቸው ጋር ሆኖ ከሩዝ ማሳው ግድብ ጀርባ አድፍጦ ይጠብቃቸዋል።

«ሳጥን ብቻ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ድገምልኝ።»

«ሳጥን ብቻ፣ ጓድ ኮማንደር።»

ዝናቡ እንደተባለው ወረደ። ቾንጎ ሽቦውን እንደ ወይፈን አንገት ቀስ አድርጎ አንስቶ ገባ። ዘበኛው የታለ ብትሉ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል። ቾንጎ በረቱን አልፎ መጋዘኑ ደረሰ፤ እጁን ሳጥን ላይ አኖረ። ይህን የምናገረው ማንም ደካማ ነበር እንዳይለው ነው። እጁ ሳጥኑ ላይ ነበር።

ከኋላው አንዲት ላም አቃሰተች።

ዞሮ አየ። ጭቃው ጉልበታቸው ድረስ ነው፤ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። የካንፋንዳ ቁርጥ፣ የወንዝ ማዶ ቁርጥ፣ ሦስት ልጆች ያሏት የመበለቲቱ የናፋንታ ቁርጥ። ሁሉም ጆሮአቸውን አቁመው ያዩታል። ብሉፎዎቹ የበረቱን መዝጊያ ከመቼው እንዳነሱት እንጃ!

«ቾንጎ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለው አንዱ በሹክሹክታ።

«ሳጥን ነው የተባልነው እኮ!»

«ሳጥን ያቃስታል እንዴ?»

ቾንጎ ስለ ቆቡ አሰበ። ስለ ኪንታ አሰበ። አጎቱ «ላም አትንካ» ሲሉ የነበረው ፊታቸው ድቅን አለበት። ከዚያ ምላሱን በቀስታ ቀጨም ቀጨም አደረገ።

ከግድቡ ጀርባ ኮማንደር ዱዋርቴ በዝናቡ መሀል አንድ ነገር ሲመጣ አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከብቶቹ አልጠፉም። ባሪና ውስጥ ያለው መንጋ በሙሉ በግድቡ ጫፍ ላይ በሰልፍ እየተግተለተለ ነው፤ ከፊት ቾንጎ፣ ከኋላ ጥርሳቸውን የገለጡ ብሉፎዎች።

«ጥይቱስ?!»

«አንድ ሳጥን አለ» አለ ቾንጎ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ሳጥኑ ተከፈተ። ሰርዲን ነበር።

ኮማንደሩ ባደገበት የካህናት ትምህርት ቤት ያልተማረውን ቃል ሁሉ አወረደበት። ስድቡ ገና መሀሉ ላይ ሳለ ከባሪና በኩል ፉጨትና ጩኸት ተሰማ። ወታደሮቹ ነቅተዋል። የወር ሥጋቸው ሲሄድ አይተው ሸሚዝ ያላደረገው ሳይቀር ጠመንጃውን ይዞ እየሮጠ ነው።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ግድቡ ጠመዝማዛ ነው። ላም ታውቀዋለች፤ ከግድቡ ጫፍ እግሯን አታወርድም። ወታደሮቹ ግን መንጋው ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ አዩና፣ በዚህ ለጥ ባለ ሜዳ ብናቋርጥ እንቀድማቸዋለን አሉ። ሜዳው ሜዳ አልነበረም። በዚያ ሳምንት የገለበጥነው ማሳ ነው፤ የባሕሩ ውሃ ደግሞ በወንዙ በኩል ሽቅብ የሚመጣበት ሰዓት ደርሷል። የመጀመሪያው እስከ ጉልበቱ ገባ። ሁለተኛው ሊያወጣው ሄዶ እስከ ጭኑ ሰመጠ። ጥቂት ቆይቶ ጦሩ በሙሉ እንደ ሩዝ ችግኝ ተተክሎ ቀረ።

ኮማንደር ዱዋርቴ ስድቡን አቋረጠ። የመሪነቱን ያህል አመስግኑት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ተኩሱ ይል ነበር። እሱ ግን «ማንም እንዳይተኩስ!» ብሎ በዶፉ መሀል ግድቡ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና በፖርቱጋልኛ ጮኸ። «ውሃው እየመጣ ነው! ጠመንጃችሁን ወደ እኛ ወርውሩ፣ እኛ ገመድ እንወረውርላችኋለን!»

ሳጅናቸው ሰደበው። ውሃው ቀበቶው ላይ ሲደርስ ስድቡ እየቀነሰ ሄደ። ጠመንጃዎቹ አንድ በአንድ እየበረሩ ግድቡ ላይ ወደቁ። ኮማንደሩም ቃሉን ጠበቀ። ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች የጀልባ ገመድ ይዘው ደረሱ፤ ወታደር መጎተት ተጀመረ። ቡትስ ሁሉ ለማሳው ቀረ። ሳጅኑ የደረሰው ለኪንታ ነበር።

«እናንተ፣ ይሄ ከበሬ ይከብዳል!» ትላለች እግሯን ግድቡ ላይ ረግጣ እየጎተተች። «ምን እያበሉ ነው ያሳደጉት?»

«የአባትሽን ላም!» አሉ ሴቶቹ፤ ሳቁ ገመዱን ሊያስለቅቃቸው ደረሰ።

ወታደሮቹ በባዶ እግራቸው፣ ጭቃ እንደ ለበሱ ወደ ባሪና ተመለሱ። በእኛ በኩል የመጀመሪያው ውጊያ ይኸው ነው። አንድ ሰው አልሞተም፤ የተያዘው ጠመንጃ ከተዋጊው ቁጥር በለጠ።

«ትእዛዝ ጥሰሃል» አለ ኮማንደሩ።

«ጥሻለሁ።»

«ልቀጣህ ይገባኛል።»

«ይገባሃል» አለ ቾንጎ። ኮማንደሩ ሊኮሳተር ሞከረ፤ አልሆነለትም። እዚያው ግድቡ ላይ ዘፍ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቾንጎ ግን አልሳቀም። አባባ ንዳፋ በትራቸውን ይዘው በግድቡ ላይ እየመጡ ነበር።

«ላም አትንካ አላልኩህም?»

አጎቱ በበትራቸው አንዲት ቀይ ላም ጎን ነካ አደረጉ። «ይቺ የማን ናት?»

«የናፋንታ። ግራ ጆሮ ላይ ሁለት ቁርጥ።»

«ይሄስ ወይፈን?»

«የወንዝ ማዶዎቹ። የሟቹ የብላንቴ ቤት።»

«ይቺስ?»

«የእርስዎ ናት አባባ።» ቾንጎ የላሟን ጆሮ ይዞ አሳያቸው። «ከዚያ ነገር ወዲህ የአገሩን ቁርጥ ሁሉ አጥንቻለሁ። ያላወቅሁት ጆሮ የለም።»

አባባ ንዳፋ ከንፈራቸውን ነከሱ። ጥቂት ከራሳቸው ጋር ታገሉ፤ ያን ሁሉ ዓመት የያዙት ሳቅ ግን አምልጧቸው ፈነዳ። «እንደዚያች ያለ ሥጋ እኮ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሂድ፣ ለየባለቤቱ አድርስ። ስትጨርስ በበጋ ትገባለህ።»

ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲወስድ የኖረ ሰው ያን ቀን ሲመልስ ዋለ። ናፋንታ ላሟን ስታይ በጭቃው መሀል ዘፈነች። ቾንጎ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

በጋው ሲገባ ግን ነገር ተበላሸ። አውሮፕላን በሰማዩ መመላለስ ጀመረ፤ ባሪና አዲስ ጦር መጣለት። ኮማንደር ዱዋርቴ በዚህ ጊዜ ተዋጊዎቼን ለሁለት ወር ጫካ ልታስገቡብኝ አትችሉም ሊል ስብሰባ መጣ፤ ልጅ ነውና ለአባባ ንዳፋ ነገራቸው። አባባ ንዳፋም ለሽማግሌዎቹ «ልጁ ጫካው መልካም ይሁንላችሁ ይላል» አሏቸው።

«አላልኩም!» አለ ኮማንደሩ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ።

ሲያቅተው ቾንጎን ለብቻው ጠራው። «አንተ ከቀረህ ሌሎቹም ይቀራሉ። ወታደሬ ነህ፣ አዝሃለሁ።»

«ጓድ ኮማንደር» አለ ቾንጎ፣ «ስለ መሬታችን ስትናገር ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን እኔ መሬት የለኝም። ሚስት የለኝም። ነገ በጥይት ብወድቅ የምቀበረው እንኳ ከልጆቹ ጎን ነው። ነፃ ስንወጣ የማንን ነፃነት ነው የምኖረው?»

ኮማንደሩ ጉቶ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር።

«እኔስ?» አለ። «ቢሳው ለነጮቹ ጥቁር ነበርኩ። ሊዝበን እንግዳ ነበርኩ። እዚህ ስመጣ አገሬ ገባሁ ብዬ ነበር፤ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥ ተባልኩ። እንዳልከፋኝ ሆኜ ሳቅሁ። ከፍቶኛል ቾንጎ።»

«እናትህ ከየት ናት?»

«ወደብ ላይ ሩዝ ትሸጥ ነበር። ስትሞት ገና እድህ ነበር፤ ካህናቱ አነሱኝ። ከአባቴ ስሙ ቀረልኝ። የእሷን ወገን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።»

ቾንጎ ክው አለ። አባት የሌለው ሰው ያውቃል፤ ማሳ የሌለው፣ ላም የሌለው ያውቃል። የእናት ወንድም የሌለው ሰው ግን አይቶ አያውቅም። የዘንባባ ጠጁን ቅል አቀበለው።

በማግስቱ ኮማንደሩ «ግቡ» አለ። «ጫካውን ከውጭ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቦምቦሎም ከበሮው ግን አይመታም፣ ጭስ አይታይም።» ሽማግሌዎቹ ያለ ከበሮ ጫካ ተከፍቶ አያውቅም ብለው አጉረመረሙ፤ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ቀና ብለው አዩና ተስማሙ።

ጫካ ውስጥ የሆነውን አልናገርም። የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልገባችሁ ተራችሁን ጠብቁ። ከውጭ ግን ኮማንደር ዱዋርቴ ከቀሩት ተዋጊዎችና ጠመንጃ ካነሡ ሴቶች ጋር መሻገሪያውን ያዘ። ጠላት ሁለት ጊዜ ሊሻገር ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አውሮፕላኑ ሰው የሌለበትን ረግረግ ደብድቦ ሄደ። ኮማንደሩ ከሳ፤ ሱሪውን በልጥ ገመድ ያስር ጀመር። ኪንታ ሩዝ ይዛለት ስትመጣ አጠገቡ ቆማ ታስበላዋለች።

«ጨርስ እንጂ! ሰውዬዬን የምትጠብቅልኝ አንተ አይደለህ?»

የመውጫው ቀን ደረሰ። እንዲህ ያለ በዓል አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ይጨፍራል፣ ከበሮ የለም። የእግር ቃጭሉ ውስጥ ሣር ተጠቅጥቆበታል። እልል ልትል አፏን የከፈተችው ሴት በእጇ ትይዘዋለች፤ አንዱ ሳቁ ያመልጠውና መንደሩ በሙሉ «እሽሽሽ!» ይለዋል፤ እሽሽታው ከሳቁ ይበልጣል። ወጣቶቹ በሰልፍ ወጡ። ከነሱ መሀል አንዱ ጢሙ ሸብቷል፤ ቀይ ቆብ ደፍቷል። ኪንታ ሰው መሀል ሰንጥቃ ገብታ ፊቱ ቆመች፣ አየችው፣ «ዘሞብሃል» ብላ በሁለት እጇ አስተካከለችለት።

በወጋችን አዲስ ወንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌዎች ፊት ሲቆም አንድ ነገር ይለምናል፤ ያ ልመና አይመለስም። አንዱ ማሳ ይለምናል፣ አንዱ ሚስት። ቾንጎ ምን እንደሚለምን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የኪንታ አባት አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እሺ ሊሉ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ኮማንደር ዱዋርቴ ዳር ላይ ከብሉፎዎቹ ጋር ነበር፤ አሁን የቀሩት ብሉፎዎች ገና ጢም ያላበቀሉ ስለሆኑ ከመካከላቸው ብቻውን ጉብ ብሎ ይታያል።

ቾንጎ ከዛፉ ሥር ቆመ።

«ኮማንደር ዱዋርቴ በመጪው ጫካ እንዲገባ እለምናለሁ» አለ።

ጉምጉምታ ተነሣ። አባባ ንዳፋ በትራቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙት። «ልጁ መልካም ልጅ ነው። ልጆቻችንን ጠብቋል። ግን ልጅን ጫካ የሚያስገባው የእናቱ ወንድም ነው። የዚህ ልጅ የእናት ወንድም ማን ነው?»

ኮማንደሩ በጣቱ አፈሩን ይጭር ጀመር። ከአንዴም ሁለቴ ጠመንጃ ተደግኖበት ያላጎነበሰ ሰው ነው፤ አሁን አጎነበሰ።

«እኔ ነኝ» አለ ቾንጎ።

«በምን ወገን? እናቱን ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም። ልመናዬ ግን አይመለስም አላችሁኝ። እንግዲያው ልመናዬ ይኸው ነው። አጎቱ ልሁን።»

«ልጄስ?!» ብለው የኪንታ አባት ብድግ አሉ።

«አባዬ፣ ተቀመጥ!» አለች ኪንታ ከሴቶቹ በኩል። «ለእኔ ደግሞ ልመና ያስፈልጋል? ድስቴን እኮ ከማለዳ ወደ ቤቱ አሻግሬዋለሁ!»

መንደሩ እሽሽታውን ረስቶ በሳቅ ተንጫጫ። የዚያን ዕለት አውሮፕላን ቢመጣ አልቆልን ነበር። ሳቁ ሲበርድ አባባ ንዳፋ የእህታቸውን ልጅ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ዳር ዞሩ።

«ተነሥ አንተ ልጅ። ና፣ አጎትህን ሰላም በል።»

ኮማንደሩ ተነሥቶ መጣ። መነጽሩ ደፍርሷል፤ መንገዱን የሚያየው በግምት ነው። ከሚያዘው ወታደር ፊት ቆሞ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«አጎቴ» አለ። ይህን ቃል በሕይወቱ ለማንም ብሎት አያውቅም ነበርና መሀሉ ላይ ድምፁ ተሰበረ።

ቾንጎም አጎት ሆኖ አያውቅም። ሰፊ እጁን ዘርግቶ በኮማንደሩ ራስ ላይ ጫነለት።